የማን ምትክ

መስከረም 18

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

በሄድሽበት ሁሉ ደጉ ይቅደምሽ፣ ክፉው መንገድ ይሳተው። እኛ ደህና ነን። ጆሮዬ ግን ጨርሶ ከድቶኛል። ባለፈው ስትደውዪ "አዎ፣ አዎ" ያልኩሽ አንዲት ቃል ሳልሰማ ነው፤ ለምኑ እሺ እንዳልኩሽም አላውቅም። ስለዚህ በስልክ አትልፊ። ዓይኔ ገና ደህና ነውና ጻፊልኝ።

ጡረታ ወጥቶ ግድግዳ የሚያይ ሽማግሌ ሆነ ብለሽ እንዳታዝኚልኝ፤ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ስለ ስሞች ነው። ከየት እንደመጡ፣ ምን ማለት እንደሆኑ፣ ማን ለማን ለምን እንዳወጣቸው። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባላል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ስመዘግብ አንድም መልአክ በቢሮዬ በር ሲገባ አላየሁም። ያየሁት የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ የተጣደፈ ጸሐፊና ያለቀ ቀለም ነው። አንዱ አባት ክሱን ስለረታ ልጁን በዳኛው ስም ጠራው፤ በዓመቱ በይግባኝ ሲሸነፍ "ስሙን ለውጥልኝ" ብሎ መጣ።

እስካሁን አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም ተርጉሜያለሁ። የጎደለኝ የሌላው ሕዝብና የሌላው ሃይማኖት ነው። አንቺ ደግሞ የዓለም ስም ሁሉ በጠረጴዛሽ ላይ የሚያልፍበት ቢሮ ተቀምጠሻል። እስቲ ያገኘሽውን ከነትርጉሙ ላኪልኝ።

ዝምታ ሰላም ብሎሻል። ብሎሻል ብዬ ጻፍኩ እንጂ ራሱን ነው የነቀነቀው። ልጄ ከቧንቧ ጋር ካልሆነ ከማን ጋር ያወራል? ደግነቱ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ የእሱንም ድርሻ ጨምረው ያወሩለታል።

አጎትሽ

ጥቅምት 20

ለጋሼ፣

ጤናዎ ከነሙሉ ክብሩ ይቆይልኝ። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች አዩኝ።

እንደሚያውቁት ቢሯችን የተጠፋፉ ዘመዶችን ያፈላልጋል። እኔ የምሠራው ከምድር ቤት ነው፤ ከጣራው ሥር የማሞቂያ ቱቦ ያልፋል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የካርድ መሳቢያ ነው። ሥራዬ አንድ ሰው በስንት ዓይነት ስም ሊጻፍ እንደሚችል ማወቅ ነው። አንድ ስም በአሥራ አንድ ዓይነት ፊደል ተጽፎ አግኝቻለሁ፤ አሥራ አንድ ሰው መስሎን አንድ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ሊቁ የምንለው ሽማግሌ ባልደረባዬ ለመጽሐፍዎ እነዚህን ሰጥቶኛል።

ክርስቲያኖች ዮሐንስ የሚሉት ነቢይ በሙስሊሞች ዘንድ ያሕያ ነው፤ የመጀመሪያው "እግዚአብሔር ቸር ነው"፣ ሁለተኛው "ይኖራል" ከማለት ጋር ይያያዛል። ይስሐቅ ማለት ሳቅ ነው፤ እናቱ በስተርጅና ትወልጃለሽ ስትባል ስለሳቀች። እስማኤል ደግሞ "እግዚአብሔር ይሰማል"። ልብ ብለው ቢያዩት ሳቅም መስማትም በእኛው ቋንቋ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ልጆቻቸውን በተወለዱበት ቀን የሚጠሩ ሕዝቦች አሉ፤ ገበያ ወጥተው "ዓርብ!" ብለው ቢጠሩ ግማሹ ሰው ይዞራል። ሞት እንዳይመኘው ብለው ሕፃኑን በአስቀያሚ ስም የሚጠሩም አሉ። ሴት ልጅ ሲበዛባቸው "ይብቃን" ብለው የሚሰይሙም አሉ፤ ያቺ ልጅ ስሟን በሰማች ቁጥር ምን እንደሚሰማት እንጃ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጡ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ናቸው። የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ወንዙ ሞልቶ የድንበሩን ከተማ የወሰደው ጊዜ፣ የአምስት ዓመት ልጃቸው በግርግሩ ጠፋባቸው። ተፈናቃዮቹ ያረፉት ኮረብታ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ነበር ይላሉ፤ ደወሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ። ከዚያ ወዲህ በሦስት አገር ቢሮዎች አመልክተዋል። መልሱ ሁልጊዜ "በዚህ ስም የተመዘገበ የለም" ነው።

አባቴ እርስዎ በወጣትነትዎ ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት ሲያወራ ስለ ቸርኬው ደወል ሰምቻለሁ። የዚያን ዘመን መዝገብ የት እንደሚገኝ ያውቁ ይሆን? የልጁን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። በእናትየው ቋንቋ "መንገድ የሰጠን" ማለት ነው፤ ገበያ ሲሄዱ መንገድ ዳር ስለወለዱት። በእኛ ጆሮ ለስድብ ስለሚቀርብ አይሳቁ።

ለዝምታና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 28

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የዘገየሁት ብርዱ ደረቴን ይዞኝ ነው። አሁን ተሽሎኛል።

የላክሽው እጅግ ጠቀመኝ። "ይብቃን" የተባለችውን አንብቤ እኔም በእኛ ዘንድ ያሉትን አሰብኩ፤ በሞተ ልጅ ፋንታ ለተወለደ የሚወጡትን። ካሳ፣ ማስረሻ፣ የመሳሰሉትን። እነዚህ ስሞች የሚናገሩት ስለተሸካሚው ሳይሆን ስለሌላ ሰው ነው። ይህን ሐሳብ በመቅድሙ ላይ አስገባለሁ። ደግሞ የሟችን ስም ጨርሶ የማይጠሩ ሕዝቦች አሉ ሲባል ሰምቻለሁና ሊቃችሁን ጠይቂልኝ። የቤተሰቡ ስም ፊት፣ የልጁ ስም ኋላ የሚጻፍባቸው አገሮችስ የትኞቹ ናቸው? ሴት ስታገባ ስሟ ለምን ይጠፋል? ይህንንም ጻፊልኝ።

መዝገብ ያልሽውን በሚመለከት፣ ውኃ ያየ መዝገብ ዕድሜ የለውም። ደግሞ ያን ጊዜ ስንት ሕፃን ነበር፣ ማን ማንን ያስታውሳል? ትንሿ ወረቀት በፖስታው ውስጥ አልነበረችም፤ ወድቃ ይሆናል። ደግመሽ አትላኪ፤ ጥቅም የለውም።

ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል? ጤናቸውስ? ሌላ ልጅ አላቸው ወይስ ብቻቸውን ናቸው?

አንድ ነገር አደራ። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን በጡረተኞች ማኅበር ሣጥን ላኪው እንጂ በቤት አድራሻ አይሁን። የዝምታ ትልቋ ልጅ ማንበብ ለመለማመድ ብላ ፖስታ ሁሉ ትከፍታለች።

አጎትሽ

ጥር 25

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ መጀመር አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ሴትዮዋን ለሁለተኛ ጊዜ አነጋገርኳቸው። ቅጹ ላይ "ልዩ ምልክት" የሚል ረድፍ አለ። ሲጠፋ ምን ምልክት ነበረው አልኳቸው። እሳቸውም የራሳቸውን ግራ ጆሮ ነኩና፣ እዚህ ከጆሮው ፊት፣ የማሽላ ፍሬ የምታህል ትርፍ ሥጋ፣ ሲወለድ ጀምሮ አሉኝ። "የማሽላ ፍሬ" ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ጋሼ፣ እኔ ያቺን ፍሬ አውቃታለሁ። ልጅ ሳለሁ ዝምታ ትከሻው ላይ ሲያስቀምጠኝ በሁለት ጣቴ ይዣት ነበር የምሄደው። እንደ ደወል እጫናታለሁ፣ እሱም ድምፅ ሳያወጣ ይስቃል።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጆሮ ስንት ሺህ አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቅጹን ቀጠልኩ። በወቅቱ ማንን ጠየቁ የሚል አለ። እንዲህ አሉኝ፤ "ከሦስት ወር በኋላ ትምህርት ቤቱን አገኘሁት። አንድ ወጣት መምህር ነበር። በግራ እጁ ነው የሚጽፈው። መዝገቡን ሁለት ጊዜ አገላብጦ 'እንዲህ የሚባል በመዝገቡ ላይ የለም' አለኝ። ትሁት ሰው ነበር፤ እስከ በሩ ሸኘኝ።"

ውኃ ላምጣልዎ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሊቁ አሞሽ ነው ወይ አለኝ። ቤተሰባችን ውስጥ በግራው የሚጽፍ አንድ ሰው ነው ያለው።

ለሴትዮዋ ምንም አልነገርኳቸውም። እባክዎ ጋሼ፣ አይደለም ይበሉኝ። ሌላ አይጻፉ፤ "አይደለም" የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

መጋቢት 2

ጋሼ፣

አምስት ሳምንት ሆነ። የማኅበሩ ሣጥን ባዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ በጥር የላክሁትን ፈርመው ወስደዋል።

ሴትዮዋ በየሳምንቱ ሐሙስ ይመጣሉ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፊቴን ያዩኛል። እኔ ደግሞ መሳቢያ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

መጋቢት 14

ልጄ፣

ነው።

ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። ከዚህች ቃል ሌላ እውነት የሆነ ቃል ስላጣሁ እሷን አስቀድሜ ጻፍኩ። አሁን እንደ ነበረ ልንገርሽ።

ወንዙ ሲሞላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሕፃናት ማረፊያ ሆነ። አርባ ሦስት ነበሩ፣ ዘመድ የሌላቸው። እኔ መዝገብ ያዥ ሆንኩ። ሚስቴ እትዬሽ ትመግባቸው ነበር። ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ የመጀመሪያ ልጃችንን ቀብረናል፤ ስም ሳይወጣለት ነው የሞተው። ይህን ለማንም ነግረን አናውቅም፤ አባትሽ ብቻ ያውቅ ነበር።

እሱ የአንድ ትልቅ ሰው ሹራብ ለብሶ መጣ። እጅጌው መሬት ይጎተታል። ስምህ ማነው አልኩት። ተናገረ። ሕፃናቱ ሁሉ ሳቁ፤ አንቺ እንዳልሽው ነው፣ በእኛ ጆሮ ለስድብ ይቀርባል። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ያን ጊዜ አፉን ዘጋ። ለአንድ ዓመት ያህል አልከፈተውም። ዝምታ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰዉ ጠባዩ ነው ይላል፤ አንቺም እንደዚያ ነው የምታውቂው። ጠባዩ አልነበረም። የሚያውቀውን ቋንቋ የሚያውቅለት አጥቶ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን ባዶ ተውኩት። ሲስቁበት ይኖራሉ፣ ሌላ ስም ይሻለዋል ብዬ አሰብኩ። ለእሱ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። በሳምንቱ እትዬሽ አዝላው አየኋት። ከቀብሩ ወዲህ ወገቧ ቀንቶ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወደ መዝገቡ ተመለስኩና በስም ረድፍ "ምትክ" ማለት የሆነውን ስም ጻፍኩ። በአባት ረድፍ የራሴን። በሃይማኖት ረድፍ የራሴን። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አልኩበት።

ከሦስት ወር በኋላ ያቺ ሴት መጣች። ጫማዋን አስታውሳለሁ፤ ግራው የወንድ፣ ቀኙ የሴት ነበር። በተሰባበረ ቋንቋ የልጁን ስም ነገረችኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ደፍሮ ይናገር ይሆናል ብዬ ጊዜ እየሰጠሁት ይሆናል፣ ለዚያ ሰውዬ፣ ለራሴ። "በመዝገቡ ላይ የለም" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ከቃሉ አንዷም ውሸት አልነበረችም። ልጁ ያን ሰዓት ከግድግዳው በስተጀርባ ከእትዬሽ ጋር ባቄላ ይፈለፍል ነበር። በር ድረስ ሸኘኋት፤ በሌላው በር እንዳትወጣ ነው።

በወሩ ዝውውር ጠይቄ ከተማውን ለቀቅን፤ በሄድንበት የወለድነው ልጅ ነው አልን። እትዬሽ ሴትዮዋ መምጣቷን ሳታውቅ ኖራ ሳታውቅ ሞተች። የላክሽውን ትንሽ ወረቀት አግኝቼዋለሁ። አቃጠልኩት። የተጻፈበትን ግን ሳላነብም አውቀው ነበር።

ልጄ፣ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። እሱ ቤት አለው፣ ሚስት አለው፣ ሁለት ልጅ አለው። አንቺ አትናገሪ። እኔ እስክሞት ድረስ ብቻ ጠብቂ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።

አጎትሽ

ሚያዝያ 6

ጋሼ፣

አልጠብቅም።

ደብዳቤዎ በደረሰ ማግስት ሐሙስ ነበር። ሴትዮዋን ነገርኳቸው። በሕይወት አለ፣ ደህና ነው፣ ሚስት አለው፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት አልኩ። ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። አላለቀሱም። ሁለት መዳፋቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው አንሶላ እንደሚያስተካክሉ ከመሃል ወደ ዳር ወደ ዳር ይጠርጉት ጀመር። ለረጅም ጊዜ። እኔም ካርዶቼን እያነሳሁ ቦታ ለቀቅኩላቸው።

ከዚያ ስሙ አሁን ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በአፋቸው ተለማመዱት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት። "ምን ማለት ነው?" አሉኝ። በዚህ ቢሮ ስምንት ዓመት የስም ትርጉም ተናግሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ምላሴ የከበደበት ጊዜ የለም። "ምትክ ማለት ነው" አልኳቸው።

"የማን ምትክ?" አሉኝ።

ስለ ሕፃኑ ነገርኳቸው፤ ስም ሳይወጣለት ስለሞተው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝ። ከዚያ ያሉትን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ። "እኔም እኮ ምትክ አላገኘሁም" አሉ።

ነገሩን ማን እንደሠራውም ነገርኳቸው። ያ ትሁት መምህር አጎቴ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ፊቴን አላዩም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከሰዓት አንድ ካርድ መጻፍ አልቻልኩም። ይህን ሁሉ ዘመን የእኛ ቤት ደስታ የሌላ ሰው እንደነበረ ማሰብ አልተቻለኝም። የልጅነቴ ጥሩ ቀን ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ጋሼ፣ እወድዎታለሁ። ስለዚህ ከእኔ ሳይሆን ከእርስዎ እንዲሰማው ጊዜ ሰጥቼዎታለሁ። እስከ ግንቦት ሃያ ካልነገሩት እኔ ለሚስቱ እደውላለሁ።

ደግሞ ይንገሩኝ፤ መጽሐፍዎ ውስጥ የእሱን ስም ምን ብለው ተረጎሙት?

ግንቦት 19

ልጄ፣

ነገርኩት።

ወጥ ቤቴ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሊሠራልኝ መጥቶ ነበር። ሥራውን እስኪጨርስና እጁን እስኪታጠብ ጠበቅሁ። ተቀመጥ አልኩት። ለአንቺ እንደጻፍኩልሽ ሁሉንም፣ ጫማዋን ሳይቀር ነገርኩት። ጆሮዬ ስለማይሰማ ቢናገር እንዳያመልጠኝ አፉን አይ ነበር። ስጨርስ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ በቦርሳው ደረደረ። ዋናውን ቧንቧ ከፈተልኝና ወጣ።

ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ሚስቱ መጥታ "ምን አደረግኸው? ሥራ አይሄድም፣ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል" አለችኝ። ለእሷም ነገርኳት። የያዘችልኝን ምግብ አስቀምጣ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

በአሥረኛው ቀን መጣ። ቆሞ፣ እንድሰማው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ "ስሜ ማን ነበር?" አለኝ።

ሠላሳ ሰባት ዓመት በአፌ አላወጣሁትም። አወጣሁት።

ሳቀ። ያለ ሐሰት ነው የምልሽ፣ እነዚያ ሕፃናት እንደሳቁት ሳቀ፤ እሱም እኮ አሁን የእኛ ጆሮ ነው ያለው፣ ለእሱም ስድብ ሆኖ ነው የተሰማው። ሳቁ መሃል ላይ ሲቆም ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ያለ ፊት በሕይወቴ አላየሁም። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ደገመና ለራሱ ጠራው፣ ቀስ ብሎ፣ ትኩስ ነገር እንደሚቀምስ ሰው። ሕፃን ሳለ ያውቀው የነበረ ነገር የመጣበት መስሎኝ ጠየቅሁት። "ምንም አልመጣልኝም። ይሄ ነው የሚያስፈራው" አለኝ።

ሁለት ነገር ጠየቀኝ። "እማዬ ታውቅ ነበር?" አለኝ። አታውቅም አልኩት። ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየ። ያመነኝ ይመስለኛል፤ ካላመነኝም ይገባኛል። ከዚያ "ልጆቼ የሚጠሩት በማን ስም ነው?" አለኝ። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ከልጆቹ ስም ቀጥሎ ያለው የእሱ ስም ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ የእኔ። እኔ በአንድ ረድፍ የጻፍኩት ቃል ገና ያልተወለዱ ሕፃናት ላይ ሁሉ ወርዶ ተቀምጧል።

ሲወጣ "ደህና ዋል፣ መምህር" አለኝ። እስከዚያ ቀን አባባ ነበር የሚለኝ።

ለጥያቄሽ መልስ፣ ያንን ስም በመጽሐፌ ውስጥ አላስገባሁትም። "ም" የሚለው ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ስም አለ፤ እሱ የለም።

ሰኔ 27

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሐሙስ አገናኘናቸው። በእኛ ቢሮ ስልክ፣ እኔ መሃል ሆኜ አስተርጓሚ።

መጀመሪያ የመስመሩ ሽውታ ብቻ ነበር። እሳቸው ስሙን ጠሩ። መልስ የለም። እኔም "እየጠሩህ ነው" አልኩት። "እኔን መሆኑን አላወቅሁም" አለኝ። ይህን አልተረጎምኩላቸውም። ከዚያ እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተናገሩ፤ እኔ ከእሳቸው ጋር የምነጋገረው በዚህ አገር ቋንቋ ነው፣ ያንን አላውቀውምና መተርጎም አልቻልኩም። ሲጨርሱ፣ ምን አሉ ብሎ ይጠይቀኛል ስል "ይድገሙት በያቸው" አለኝ። ደገሙት። ሦስት ጊዜ ደገሙት። አንዷም ቃል ሳትገባው እስከ መጨረሻው ሰማ።

ነሐሴ ላይ ይመጣሉ። ከእርስዎ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ ብለዋል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም ይቅር ይበሉልኝ ብዬ አልለመንኩልዎትም፤ ልለምን አስቤ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ።

ጳጉሜን 2

ለወንድሜ ልጅ፣

ያለሽበት ቤት ጣራው አይክፋብሽ። ሴትዮዋ መጥተው ሄዱ፤ ማለት ወደ ዝምታ ቤት ሄዱ፣ እስከ መስከረም አጋማሽ እዚያ ናቸው።

እኔ ዘንድ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። እሱ አብሯቸው መጣ። ከእሳቸው ወገን የሆነች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ የምትሠራ አንዲት ነርስ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምታውቅ ይዘዋታል። በሩ ላይ ሳያቸው እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ነርሷ በክንዴ ያዘችኝ። እሳቸው የተናገሩትን በጆሮዬ ጮኸችልኝ፤ "ይነሳ፣ ለዚህ አልመጣሁም ይላሉ"።

ተቀመጥን። ይቅርታ የሚለውን ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ገና ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። "ይቅርታህን አልፈልገውም፣ ይቅርም አልልህም። ግን ልጄ ሲያድግ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ሚስትህ ሞታለች። የመጀመሪያ ጥርሱ መቼ ወለቀ?" አሉኝ።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቁኝ። ምን ምግብ እንደሚጠላ፣ ኩፍኝ ሲይዘው ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ፣ ዋና ማን እንዳስተማረው፣ ውኃ ይፈራ እንደሆነ፣ ተገርፎ ያውቅ እንደሆነ። አንዴ ገርፌዋለሁ አልኩ። ለምን አሉ። ነገርኳቸው። ጆሮዬ አይሰማምና ነርሷ ሁሉንም ትጮኽ ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የደበቅሁት ነገር በጩኸት ወጣ። ዝምታ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለራሱ ይሰማል። አንዳንዱን እሱም ረስቶት ነበርና ቀና ብሎ ያየኛል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ማብቂያው፣ መናገር አቁሞ በነበረበት በዚያ ዓመት ጨርሶ ድምፅ አላወጣም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀን አያወጣም፣ ሲተኛ ግን በእንቅልፉ አንዲት ቃል ይል ነበር አልኳቸው። ሁልጊዜ ያችኑ። ምን ትመስላለች አሉኝ።

ልጄ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም ተርጉሜያለሁ። የማላውቀውን ሕዝብ ስም ትርጉም ከባሕር ማዶ ከአንቺ እጠይቃለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ግን ምን ማለት እንደሆነች ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ እንዳይነግሩኝ ፈርቼ ነው። ድምጿን ግን አልረሳሁትም። እንደሰማሁት አልኳት።

ሴትዮዋ አፋቸውን በአንድ እጃቸው ያዙ። ነርሷን ምንድነው አልኳት። ዝምታ ተነሳና መሃላችን መጥቶ ቆመ። "ንገሪኝ" አላት። ለእሱ ስትነግረው ከንፈሯን አየሁ፣ አልገባኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ነርሷ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ይህን ጊዜ አልጮኸችም፤ ሆኖም ሰማኋት።

"'እዚህ ነኝ' ማለት ነው" አለችኝ። "በእኛ ቋንቋ እናት ስትጠራ ልጅ የሚመልሰው።"

አንድ ዓመት ሙሉ ሲመልስላቸው ነበር።

አጎትሽ